የስምንት ወር ሕፃን ይዞ ዲዝኒ ወርልድ

“የስምንት ወር ልጅ ይዛችሁ? ምኑን አውቆት!” ያላለን ዘመድ የለም። እውነታቸውን ነው፣ ልጁ ምንም አያስታውስም። ግን ቤታችን ውስጥ ስድስት ዓመት የሞላት ታላቅ እህቱም አለች። “ወንድምሽ እስኪያድግ ጠብቂ” ብንላት፣ እሱ ለማወቅ ሲደርስ እሷ ልዕልቱም ተረቱም ያለፈባት ትሆናለች። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆችና እናቴ ሆነን ዲዝኒ ወርልድ የሚባለው ትልቅ የመዝናኛ ግቢ ወዳለበት ወደ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ወረድን። ይህን የምጽፈው ሕፃን ታቅፋችሁ “እንሂድ ወይስ እንቅር?” ለምትሉ ነው።

ቀድመው የሄዱ ሰዎች የነገሩኝ ሁሉ ሕፃን ምን ምን ላይ መሳፈር እንደሚችል ነበር። እሱ ቀላሉ ነው፤ ቁመት የማይጠየቅባቸው መጫወቻዎች ሞልተዋል። ቀናችሁን ደኅና ወይም ክፉ የሚያደርገው ሌላ ነው፦ የት ይጠባል፣ የት ይተኛል፣ ዳይፐሩ የት ይቀየራል፣ ፀሐዩ ሲከር የት ይገባል። እኔ ከመሄዴ በፊት የፓርኩን ካርታ ይዤ ያጠናሁት እነዚህን ነው። ባለቤቴ ስለ መጫወቻዎቹ አጠና። ሥራ ተከፋፈልን ማለት ነው።

ስለ ገንዘቡ አጭር ነገር ልበል። ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ ከ3 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የመግቢያ ትኬት አይቆረጥለትም። በአሜሪካ የአገር ውስጥ በረራም ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ታቅፎ ሲሄድ አይከፈልበትም። እርግጥ የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት፣ ኤፍኤኤ፣ የሚመክረው ለሕፃኑም መቀመጫ ገዝቶ በራሱ የመኪና ወንበር ማሰርን ነው፤ አውሮፕላን ሲናጥ የእናት ክንድ አይበቃም። አቅሙ ላለው ይህ ይሻላል። የጡት ወተት፣ ፎርሙላና የተፈጨ የሕፃን ምግብ ከ100 ሚሊ ሊትር ቢበልጥም በእጅ ሻንጣ ይዞ ማለፍ ይፈቀዳል። ፍተሻው ጋ ስትደርሱ ከቦርሳው አውጥታችሁ ለብቻ አሳዩ፣ እስኪጠይቋችሁ አትጠብቁ። አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍ ለሕፃኑ ጡት ወይም ጡጦ ስጡት፤ መዋጡ ጆሮውን ያቀልለታል። ስለ በረራው ከዚህ በላይ የምለው የለም። እንግዳ ሕፃን ሲያለቅስ የሚቆጣ ሰው እንዳለ ሁሉ ፊቱን አጣሞ የሚያጫውትም አለ።

አሁን ወደ ዋናው። ዲዝኒ ወርልድ አንድ ፓርክ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1971 ማጂክ ኪንግደም ተከፍቶ ተጀመረ፣ ከዚያ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስና አኒማል ኪንግደም ተጨመሩ፤ ሁለት የውሃ ፓርኮችም አሉት። ግቢው በጠቅላላው ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሁሉን አያለሁ የሚል ሰው ሕፃን ባይኖረውም አይችለውም። ትኬቱ ደግሞ ውድ ስለሆነ ሰው “ከተከፈለበት አይቀር” እያለ ከጠዋት እስከ ማታ ራሱን ያስጨንቃል። ከቀትር በኋላ ፓርኩን ብትመለከቱ የሚያለቅሰው ሕፃን ብቻ አይደለም፤ የአምስት ዓመቱም ያለቅሳል፣ አባትየውም ለማልቀስ ምንም አልቀረው።

እኛ ቀኑን ለሁለት ከፈልነው። ጠዋት በር ሲከፈት እንገባለን፣ እኩለ ቀን ሲሆን ወጥተን ሆቴል እንተኛለን፣ አመሻሹ ላይ ስንፈልግ እንመለሳለን። በዲዝኒ ሆቴሎች ውስጥ ያረፈ ሰው ከሌላው ሕዝብ 30 ደቂቃ ቀድሞ ስለሚገባ፣ ሕፃን ይዞ ለሚነቃ ወላጅ ይህ እንደ ስጦታ ነው። የእኛ ልጅ በሀበሻ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኑን ያፈጣል። ቤት ሲሆን የምናማርርበት ጠባይ እዚያ ጠቀመን፤ ሌላው ቤተሰብ ልጅ ሲቀሰቅስ እኛ በሩ ላይ ነን። ጠዋት አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሰልፉም አጭር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ያየነውን ያህል ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ብንቆም አናየውም ነበር።

ይህ አካሄድ የሚሠራው ግን ሆቴሉ ቅርብ ከሆነ ብቻ ነው። ለሆቴል ገንዘብ የምትጨምሩ ከሆነ ለገንዳው ውበት ሳይሆን ለቅርበቱ ጨምሩ። ከማጂክ ኪንግደም ጋር ሞኖሬል በሚባል ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር የተያያዙ ሆቴሎች አሉ፤ ኤፕኮትንና ሆሊውድ ስቱዲዮስን የሚያገናኝ ስካይላይነር የሚባል በገመድ ላይ የሚሄድ ሣጥንም አለ። ልዩነቱ ምንድን ነው ብትሉ፣ አውቶቡስ ላይ ጋሪ ታጥፎ ነው የሚገባው። የተኛ ልጅ ከጋሪው አንሥታችሁ፣ ቦርሳውን አንጠልጥላችሁ፣ ጋሪውን በአንድ እጅ አጥፋችሁ ትወጣላችሁ። ሞኖሬሉ ላይ ግን እየገፋችሁ ትገባላችሁ፣ እሱም እንደተኛ ይቀራል። ሆቴሉ ውስጥ የሚታጠፍ የሕፃን አልጋ ሲጠየቅ በነፃ ያቀርባሉ፤ ክፍሉን ስትይዙ ቀድማችሁ ተናገሩ። አንሶላው ቤት የለመደው፣ ሽታው የእናንተ ቤት የሆነ ቢሆን እንቅልፍ ያግዛል። እኛ ከቤት ይዘን ሄድን።

ሙቀቱን ማቃለል አያስፈልግም። በበጋቸው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ኦርላንዶ ቀን ቀን ከ32 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ ወበቁ ሲጨመርበት ልብስ ከገላ ጋር ይጣበቃል። ከሰዓት በኋላ መብረቅ ያለበት ዝናብ ይመጣል፣ ሜዳ ላይ ያሉት መጫወቻዎች ያን ጊዜ ይቆማሉ። ሕፃን ሙቀትን እንደ አዋቂ አይቋቋምም። ስድስት ወር ያልሞላው ከሆነ የሕፃናት ሐኪሞች ምክር ከቀጥታ ፀሐይ ጨርሶ ማራቅ ነው፤ ውሃም አይሰጠውም፣ ጡቱ ወይም ፎርሙላው ቶሎ ቶሎ ይሰጠዋል እንጂ። የእኛው ስድስት ወር ስላለፈው ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት የፀሐይ ክሬም ቀባነው፣ ባርኔጣ አጠለቅንለት፣ ውሃም ጉንጭ ጉንጭ እናቀምሰው ነበር።

እናቴ እዚህ ላይ ከእኔ ጋር ተሟገተች። ጋሪውን በነጠላዋ ሸፍና “ልጄ፣ ፀሐዩ ሊመታው ነው እኮ” ትለኛለች። “እማዬ፣ እጅሽን አስገቢና እይው” አልኳት። አስገባች፤ ፊቷ ተለወጠ። ጨርቁ ነፋስ ስለሚዘጋ ውስጡ ምድጃ ነው የሚሆነው። ከዚያ በኋላ ነጠላውን በጎን በኩል ብቻ ዘርግታ፣ ፊት ለፊቱን ክፍት ትታ፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ማራገቢያ ጋሪው ላይ አሰርንለት። ማራገቢያው ጣት የማያስገባ ይሁን፣ ከእጁም ራቅ ይበል።

በጣም ሳልናገር ማለፍ የማልፈልገው ስለ ሕፃናት መንከባከቢያ ማዕከሎቹ ነው። በአራቱም ፓርክ አንዳንድ አለ፣ ሰው ግን አጠገባቸው እያለፈ አያውቃቸውም። የማጂክ ኪንግደሙ ከዋናው ጎዳና መጨረሻ በስተግራ፣ ክሪስታል ፓላስ ከሚባለው ምግብ ቤት አጠገብ ነው፤ የመጀመሪያ ሕክምና መስጫውም እዚያው ጎኑ ነው። የኤፕኮቱ ኦዲሲ የሚባለው ሕንፃ ውስጥ፣ የሆሊውድ ስቱዲዮሱ ገና መግቢያው ላይ፣ የአኒማል ኪንግደሙ ዲስከቨሪ አይላንድ ላይ ይገኛል። በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ቅዝቃዜው ይቀበላችኋል፣ ጩኸቱ ከኋላ ይቀራል። ጡት ማጥቢያ ክፍሉ ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ወንበሮቹ ተደላድለው የሚያስቀምጡ ናቸው። ዳይፐር መቀየሪያው ሰፊ፣ ዙሪያው ጠርዝ ያለው ነው፤ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ ከሚታጠፈው ጠባብ ጣውላ ጋር አይወዳደርም። ከፍ ያሉ የሕፃን መመገቢያ ወንበሮች፣ ማይክሮዌቭና እቃ ማጠቢያ አሉ። ዳይፐር፣ ዋይፕስ፣ ፎርሙላና የታሸገ የሕፃን ምግብ ይሸጣሉ። ስለዚህ የቀን ዳይፐራችሁን ያዙ፣ የሳምንቱን ግን በጀርባችሁ አትሸከሙ።

ማይክሮዌቩ ለገንፎና ለተፈጨ ምግብ ነው። ወተት አታሙቁበት፤ ጡጦው ከውጭ ለብ ያለ መስሎ መሐሉ ምላስ ያቃጥላል። ጡጦውን ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ይበቃል። የተበጠበጠ ፎርሙላ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ሕፃኑ አፉን ካደረገበት ደግሞ በ1 ሰዓት ውስጥ ያልጨረሰው ይደፋል። እዚያ ሙቀት ላይ “ትንሽ ነው የቀረው፣ ቆይቶ ይጨርሰዋል” የሚባል ነገር የለም። እኔ ውሃውን በጡጦ፣ ዱቄቱን በተለካ ዕቃ ለየብቻ እይዝና ሲርበው እበጠብጣለሁ። ፓርኩ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቅዳል፤ የማይፈቅደው የብርጭቆ ዕቃ ነው፣ ትንንሾቹ የሕፃን ምግብ ጠርሙሶች ሲቀሩ። ልቅ በረዶም አያስገቡም፤ በጄል የተሞላውን ማቀዝቀዣ ያዙ። ጡት ለማጥባት ደግሞ የግድ ክፍል መፈለግ የለባችሁም። ፍሎሪዳ ውስጥ እናት ባለችበት ሥፍራ ማጥባቷ በሕግ የተፈቀደ ነው፣ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። እኔ ሰልፍ ላይ ቆሜም አጥብቻለሁ፣ ቀና ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም።

ታላቋስ? እሷ አልተጎዳችም፤ እንዲያውም አተረፈች። ራይደር ስዊች የሚባል አሠራር አለ። ቁመት የሚጠየቅበት መጫወቻ በር ላይ መላው ቤተሰብ ሆናችሁ ትቀርቡና ለሠራተኛው “ሕፃን ይዘናል” ትላላችሁ። አንዱ ወላጅ ከትልቋ ጋር ተሰልፎ ይሳፈራል፣ ሌላው ሕፃኑን ይዞ ይቆያል። ከዚያ ይለዋወጣሉ፤ ሁለተኛው ወላጅ ረጅሙን ሰልፍ እንደገና አይሰለፍም፣ በአጭሩ መግቢያ ነው የሚገባው። ልጅቷ ደግሞ ከእሱ ጋር ድጋሚ መሳፈር ትችላለች! አንድ ሰልፍ፣ ሁለት ጊዜ መሳፈር። ልጄ ይህን የተረዳች ቀን ወንድሟን ግንባሩን ስማ “አንተ እኮ ጎበዝ ነህ” አለችው። ከዚያ በፊት እንዲህ ብላው አታውቅም።

ቁመታቸውን ከቤት ለክታችሁ ሂዱ። ሰቨን ድዋርፍስ ማይን ትሬን 97 ሳንቲ ሜትር፣ ስፔስ ማውንቴን 112 ሳንቲ ሜትር ይጠይቃሉ፣ በዱላ ነው የሚለኩት፣ ልመናም አይሰማም። የእኔዋ ስፔስ ማውንቴንን በጣት ታህል ነው ያለፈችው። ቁመቷ የማይደርስ ልጅ ሰልፉ ጫፍ ላይ ተመልሳ ስታለቅስ ማየት ስለሚያሳዝን፣ ቤት እያላችሁ “ይሄ ለከርሞ ነው” ብላችሁ ብትነግሯት ይሻላል።

ሕፃኑ ራሱ ምን ወደደ? የካርቱን ልብስ ለብሰው የሚዞሩትን ገጸ ባሕርያት አልወደደም። ስምንት ዘጠኝ ወር ላይ እንግዳ መፍራት የጤና ነው፤ እንግዳው ደግሞ ጭንቅላቱ በርሜል የሚያህል አይጥ ሲሆን አስቡት። ደረቴ ላይ ተለጥፎ ሹራቤን ጨመደደ። ሠራተኞቹ ይህን ለምደውታል፤ ገጸ ባሕርይው ራሱ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ከሩቅ እጁን ያውለበልባል። ሕፃኑን ለፎቶ ብላችሁ ክንዱ ላይ አታስቀምጡ። ፊቱን ወደ እናንተ አዙራችሁ፣ ትልቋን ፊት አድርጋችሁ ተነሡ፤ ፎቶው ያምራል፣ ልጁም አይደነግጥም።

የወደደው ዓሣ ነው። ኤፕኮት ውስጥ ዘ ሲስ የሚባለው አዳራሽ 5.7 ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም ከ21 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ የያዘ ገንዳ አለው። መስታወቱ ሥር መሬት ላይ አስቀመጥነው። አንድ ትልቅ ኤሊ በቀስታ ሲያልፍ በሁለት መዳፉ መስታወቱን መታ መታ አደረገና ዞር ብሎ አየኝ፣ አፉን ከፍቶ፣ ለሃጩ አገጩ ላይ እየወረደ። ካርቱኑና ሙዚቃው ያላደረገውን ያ ኤሊ አደረገው። ሌላው የወደደው ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድ ነው፤ ጀልባው ቀስ ይላል፣ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፣ አሻንጉሊቶቹ ይወዛወዛሉ። ዘፈኑ ከአዋቂ ጭንቅላት ለቀናት አይወጣም፣ ያን መታገስ ነው። ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያን ቁመት አይጠይቅም፤ ግን ጨለማና መድፍ አለበት፣ ጀልባውም ቁልቁል ይወረወራል፤ እኔ ሕፃን አላስገባበትም።

ለእንቅልፍ የሚሆኑ ቦታዎችን ልጠቁማችሁ። ፒፕልሙቨር የሚባለው፣ ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ቱሞሮውላንድ በሚባለው ክፍል ላይ ከፍ ብሎ በዝግታ የሚዞር ባቡር ነው፣ ወደ አሥር ደቂቃ ይወስዳል፣ ንፋስም አለው። ካሩሰል ኦፍ ፕሮግረስ ለ1964ቱ የኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ ትርኢት የተሠራ፣ ወንበሮቹ ከነተመልካቹ የሚሽከረከሩ ቲያትር ነው፤ ወደ 20 ደቂቃ፣ ጨለምለም ያለ፣ ቀዝቃዛ። እናቴ ሕፃኑን አስተኛለሁ ብላ ገብታ አብራው ተኛች። ስትወጣ “ጥሩ ቲያትር ነው” አለች።

ጋሪ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ፓርኩ የሚያከራየው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ ወደ ኋላ አይዘረጋም፤ ለትልቅ ልጅ እንጂ ለሚተኛ ሕፃን አይሆንም። የራሳችሁ ጋሪ ስፋቱ ከ79፣ ርዝመቱ ከ132 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ የሚጎተት ሠረገላ ደግሞ የተከለከለ ነው። መጫወቻ ስትገቡ ጋሪውን በተመደበለት ቦታ ታቆማላችሁ፣ ሠራተኞቹ ደግሞ መንገድ እንዳይዘጋ ያስተካክሉታል። ስትወጡ ካቆማችሁበት ላታገኙት ትችላላችሁ፤ አልተሰረቀም፣ አምስት ረድፍ ወዲያ ነው። መቶ ጥቁር ጋሪ መሐል ለመለየት እጀታው ላይ ደማቅ ጨርቅ እሰሩ። ቦርሳ፣ ስልክና ፓስፖርት አትተዉበት። የዝናብ ላስቲኩንም ሰማዩ ቢጠራም አልብሳችሁት ግቡ፤ ውሃ የጠጣ ጋሪ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም።

ከጋሪው ሌላ የደረት ማዘያ ያስፈልጋል። ሰልፍ ውስጥ ጋሪ አይገባም፣ ክንድም ይዝላል። በሙቀት ጊዜ ስስና አየር የሚያስገባውን ምረጡ፤ አገጩ ደረቱ ላይ እንዳይደፋ፣ ፊቱ ሁልጊዜ እንዲታያችሁ። ቀስ በሚሉት መጫወቻዎች ላይ ታዝሎ ይፈቀድ እንደሆነ በር ላይ ጠይቁ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም።

ርችቱን በተመለከተ፣ እኛ ማጂክ ኪንግደም መሐል ባለው ቤተ መንግሥት ሥር አልቆምንም። ሕዝቡ ትከሻ ለትከሻ ነው፣ ድምፁም የሕፃን ጆሮ ይጎዳል። ባለቤቴና ልጄ ገቡ፤ እኔና እናቴ ሕፃኑን ይዘን ከሐይቁ ማዶ፣ ከሆቴሎቹ የሐይቅ ዳር አሸዋ ላይ ተመለከትን። ከዚያ ርችቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ድምፁ ግን ዘግይቶና ተዳክሞ ነው የሚደርሰው። ያም ሆኖ የሕፃን የጆሮ መከላከያ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሰልፈኛ ትርኢቶችም ይጠቅማል።

ከውጭ አገር ለምትመጡ አንድ ነገር፦ ዕድሜው ከ6 እስከ 11 ወር የሆነ ሕፃን ከአገር አገር ሲጓዝ አንድ የኩፍኝ ክትባት ቀደም ብሎ እንዲወስድ ይመከራል፤ ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢሆን ይመረጣል። ሐኪማችሁን ስትጠይቁ የትኩሳት መድኃኒቱንም በኪሎው ልክ አስለኩና ጻፉት። ሌሊት ሆቴል ውስጥ መጠኑን ከኢንተርኔት መፈለግ አያስፈልጋችሁም።

አያት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ለእሷ የእናንተን ያህል የቀን ትኬት አትግዙላት። ትኬቱ በቀን ብዛት ነው የሚሸጠው፣ የአንዱ ሰው ከሌላው ሰው ጋር እኩል መሆን የለበትም። ለእናቴ ከእኛ ያነሰ ገዛንላት፤ በቀሩት ቀናት ሆቴሉ ገንዳ ዳር ጥላ ሥር ከሕፃኑ ጋር ዋለች። ለገንዳው የመዋኛ ዳይፐር ያዙ፣ ተራው ዳይፐር ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። እኔም በእነዚያ ቀናት ከልጄ ጋር ብቻዬን ተሰለፍኩ፣ ጡጦም ቦርሳም ሳልይዝ። ለእሷ ከመጫወቻዎቹ ይልቅ ይህ እንደበለጠባት ከነገረችኝ ጀምሮ፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ቢያንስ አንድ ጠዋት ሕፃኑን ለሰው ትታችሁ ከትልቁ ልጅ ጋር ግቡ እላለሁ።